ከእናት ቤት የመጣ ዕቃ፦ ምጣዱን፣ ጀበናውንና መሶቡን ዳግም ለሥራ ማብቃት

ከእናት ወይም ከአያት ቤት የመጣ የማድ ቤት ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው እጁ የገባለት ሰው እንደ አዲስ ሲያጥበው ነው። 30 ዓመት የተጋገረበትን ምጣድ በሳሙናና በሽቦ የፈተገ ሰው እድፍ ያነሣ ይመስለዋል። ያነሣው ግን ወዙን ነው። ከዚያ በኋላ እንጀራው ይይዛል፣ ጥፋቱም በጤፉ ወይም በአብሲቱ ይሳበባል። ስለዚህ ውሃ ከማቅረባችሁ በፊት ጠይቁ።

ዕቃውን የሚያውቀው ሰው በሕይወት ካለ ሦስት ነገር ይጠየቃል፦ ምን ይሠራበት ነበር? ምን ይቀመጥበት ነበር? መጨረሻ የተሠራበት መቼ ነው? ሸክላ፣ እንጨትና ቅል የገባባቸውን ይጠጣሉ። ዶሮ ወጥ ሲሠራበት የኖረ የሸክላ ድስት የጾም ሽሮ ቢሠራበት ቅቤ ቅቤ ይላል፤ የጾሙንና የፍስኩን ድስት መለየት ሥርዓትም ነው፣ የሸክላውም ጠባይ ያስገድዳል። ላምባ የተቀመጠበት እንስራ ወይም የነቀዝ መድኃኒት መያዣ የነበረ ቅል ግን ምንም ቢታጠብ፣ ምንም ቢታጠን ለምግብ አይመለስም። አበባ ይተከልበት።

የሚጠየቅ ሰው ከሌለ አፍንጫ አለ። ዕቃው ውስጥ አንድ ስኒ ለብ ያለ ውሃ ጨምሩ፣ አፉን በሰሃን ክደኑ፣ ሩብ ሰዓት ቆዩና ክዳኑን አንሥታችሁ ወዲያው አሽትቱ። ቡና፣ ቅመም ወይም ጠላ ከሸተተ ደግ ነው። ሻጋታና የቆየ ቅቤ መድኃኒት አላቸው፣ ከታች አለ። ላምባ፣ ቀለም ወይም መድኃኒት ከሸተተ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

የሸክላ ምጣድ

አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ሁለት ሰው ሆናችሁ በጠርዙ አቁሙት፤ አንዱ ይያዝ፣ ሌላው በጣቱ አንጓ ቀስ ብሎ ያንኳኳው። ደህና ሸክላ ድምፁ ይጠራል፣ የተሰነጠቀው ይታፈናል። ስንጥቁ የት እንደሆነ ለማየት ገጹን በርጥብ ጨርቅ አንድ ጊዜ አብሱና ጠብቁ። የተሟሸ ገጽ ውሃ ስለማይጠጣ ቶሎ ይደርቃል፤ ስንጥቁ ውሃውን ይዞ ስለሚቀር ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል። መስመሩ ከጠርዝ ተነሥቶ ሁለት ሦስት ጣት ያህል ብቻ ከገባ፣ በማገዶ የሚጋገርበት ምጣድ በዝግታ እየተሞቀ ገና ብዙ ያገለግላል። መሐሉን አቋርጦ ከሄደ ግን ሊጡ በስንጥቁ ስለሚወርድ አይጋገርበትም። በኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ትንሹም ስንጥቅ አይታለፍም።

ቀጥሎ ማድረቅ ነው፤ እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው ምጣዱን ያጣል። ዕቃ ቤት ተደግፎ የኖረ ሸክላ እርጥበት ይይዛል። ያ እርጥበት ድንገት ሲሞቅ እንፋሎት ይሆንና መውጫ ይፈልጋል፣ መውጫ ሲያጣ ሸክላውን ይሰነጥቀዋል። ምጣዱን 2 ወይም 3 ቀን ፀሐይ ላይ በሁለቱም ፊት እያገላበጣችሁ አውሉት። ውጭ አገር በክረምት ከሆነ ቤት ውስጥ ከማሞቂያ ራቅ አድርጋችሁ አንድ ሳምንት አቁሙት። ከዚያ ያለ አክንባሎ በጣም ትንሽ እሳት ላይ አንድ ሰዓት ያህል አቆዩት። እጃችሁን ከገጹ ከፍ አድርጋችሁ ስትዘረጉ ርጥብ ሙቀት ከተሰማችሁ ገና አልደረቀም።

ምጣዱ ለብ እንዳለ አንድ እፍኝ ጨው ነስንሱበትና በወፍራም የጥጥ ጨርቅ እየዞራችሁ እሹት። ጨው ወዙን ሳይፍቅ አቧራውንና የመጋዘን ሽታውን ያነሣል። የጠቆረውን ጨው ጠርጋችሁ በአዲስ ድገሙት። ሁለት ሦስት ዙር ይበቃል።

አሁን ማሟሸት ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ላለው ምጣድ አንድ የሻይ ብርጭቆ የተወቀጠ ጎመንዘር ያስፈልጋል፤ ሦስት ቦታ ክፈሉት። ወቀጣው እንደ ዱቄት መላም የለበትም፣ ፍሬው ተሰባብሮ ዘይቱ ጨርቅ ላይ ሲታይ በቃ። ጢሱ ብዙ ስለሆነ መስኮት ይከፈት፣ ልጆችም ይውጡ። ምጣዱ ላይ የተረጨ የውሃ ጠብታ ቸስ ብሎ ወዲያው የሚጠፋበት ሙቀት ላይ ሲደርስ አንዱን ክፍል በትኑና በማሰሻ ከመሐል ወደ ጠርዝ እየዞራችሁ እሹ። መጀመሪያ ገጹ ያብለጨልጫል። ቀጥሎ ጢሱ ይነሣል፣ ጎመንዘሩ ይጠቁራል፣ እስከዚያ ድረስ ሲንሸራተት የነበረው ማሰሻም መያዝ ይጀምራል። ያን ጊዜ የተቃጠለውን ጠርጋችሁ አውጡና ሁለተኛውን ክፍል በትኑ። ከሦስተኛው በኋላ ገጹ ጠቁሮ፣ ለስልሶ፣ እጅ ሲነካው ሳይሆን ዐይን ሲያየው ወዝ ያለው መሆን አለበት። ሲቀዘቅዝ ጣት ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ዘይቱ ሳይቃጠል ቀርቷልና እንደገና አሙቁት። ጎመንዘር በማይገኝበት አገር የተወቀጠ የሰናፍጭ ፍሬ ይተካዋል፤ ዘመዳሞች ናቸው።

ፈሳሽ ዘይት አታፍስሱበት። ዘይት በብዛት ሲፈስ ግማሹ ይቃጠላል፣ ግማሹ ሙጫ ሆኖ ይቀራል፤ እንጀራው ዘይት ዘይት ይላል፣ ምጣዱም በሚቀጥለው ቀን አቧራ ይሰበስባል።

የመጀመሪያው እንጀራ ስሙም ማሟሻ ነው፣ ቢይዝ አትደንግጡ። ከሁለተኛው ጀምሮ ግን የሚይዝበትን መንገድ ተመልከቱ። ዐይን ሳያወጣ መላው ገጽ ላይ ከያዘ ምጣዱ አልሞቀም። ሊጡ ገና ሲፈስ ከተሰባሰበና ላዩ ሳይበስል ሥሩ ካረረ ሙቀቱ በዝቷል። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚይዝ ከሆነ እዚያ ጋ ወዙ ተነሥቷል፤ በዚያ ቦታ ብቻ ቁንጥር ጎመንዘር አድርጋችሁ እሹት። ለመጀመሪያዎቹ 10 እንጀራዎች በየመሐሉ ጥቂት ጎመንዘር በነካ ማሰሻ አብሱ፣ በኋላ በየሦስቱ ይበቃል። ከፍሪጅ የወጣ ሊጥ የጋለ ሸክላ ላይ አይፈስም፤ ሁለት ሰዓት ያህል ውጭ ይቆይ። በጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት የተከለከለበትን ምክንያት ሁሉም ያውቃል፤ አንድ ጊዜ የተሳሳተም አይረሳውም።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሆነ

በዚህ ምጣድ ሸክላው ከሥሩ ተቦርቡሮ የሚግለው ሽቦ ተቀብሮበታል። ደረቅ ሸክላ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ ርጥብ ሸክላ ግን ያሳልፋል። ለዓመታት ተቀምጦ የኖረውን ሳያደርቁ መሰካት ሰው ያስይዛል። ከላይ እንደተባለው ፀሐይ ላይ ካደረቃችሁ በኋላ፣ ሳይሰካ፣ ሦስት ነገር ተመልከቱ፦ የገመዱ ላስቲክ ተሰነጣጥቋል ወይ? የሶኬቱ እግሮች ሥር ቡናማ የተቃጠለ ምልክት አለ ወይ? የምድር ሽቦው ከብረት አካሉ ጋር በብሎን ጠብቆ ታስሯል ወይ? አንዱ እንኳ ካጠራጠረ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሳያየው አይሰካ። ገመድ መቀየር ርካሽ ሥራ ነው።

የቤት ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይወስዳል። ይህ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ነው፣ አንድ የግድግዳ ሶኬት የሚችለውን በሙሉ ማለት ነው። ስለዚህ ማከፋፈያ ገመድ ላይ ከፍሪጅና ከማፍያ ጋር አይሰካም፤ ገመዱ ሲግል ላስቲኩ ይቀልጣል።

ወደ አሜሪካ የሚወስደው ሰው ይህን ይወቅ፦ እዚያ ያለው 120 ቮልት ነው፣ ቮልቱ በግማሽ ገደማ ሲወርድ ኃይሉ ከዚያ በላይ ይወርዳል። 3500 ዋት የሆነው ምጣድ 1000 ዋት ገደማ ብቻ ይሰጣል፣ እንጀራ አይጋግርም። በአውሮፓ፣ በእስራኤልና በዱባይ ቮልቱ ስለሚቀራረብ ምጣዱ ይሠራል፤ ግን የዱባይ የግድግዳ ሶኬት የሚችለው 13 አምፔር ስለሆነ፣ ሶኬቱን ከማስቀየራችሁ በፊት የቤቱ መስመር መቻሉን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይየው።

ጀበና

መጀመሪያ የቀለም ነገር። ለጌጥ ተብሎ በዘይት ቀለም ወይም በቫርኒሽ የተቀባ ጀበና እሳት ላይ አይወጣም፤ ቀለሙ ይቃጠላል፣ ይሸታልም። መደርደሪያው ላይ ይቆይ። እጀታው ሥር ስንጥቅ ያለበትም እንዲሁ፤ የሚለቀው ሞልቶ፣ ፈልቶ፣ ሰው ላይ በሚቀዳበት ሰዓት ነውና። የአፉ ጠርዝ ትንሽ የተሸረፈ ግን በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልስና ያገለግላል።

በስልክ መብራት አንገቱን ወደ ውስጥ እዩ። አተላ ሳይደፋ የተቀመጠ ከሆነ ሆዱ ውስጥ ነጭ ወይም አረንጓዴ ሻጋታ ታያላችሁ። ሳሙና አታስገቡ። ሸክላው ይጠጣዋል፣ ከዚያም በአቦሉ ላይ አረፋ ሆኖ ይመለሳል። በምትኩ አንድ እፍኝ ጥሬ ሩዝ ወይም ገብስ፣ ሁለት ማንኪያ ጨውና ሩብ ጀበና ለብ ያለ ውሃ ጨምራችሁ አፉን በመዳፍ ይዛችሁ ናጡት። እህሉ እጃችሁ የማይደርስበትን የሆዱን ግድግዳ ይፍቃል። የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ድገሙት።

ከዚያ ሦስት አራተኛ ውሃ ሞልታችሁ በትንሽ እሳት 20 ደቂቃ አፍሉ፣ ድፉ፣ ይቀዝቅዝ፣ እንደገና አፍሉ። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ውሃ ሲቀመስ የአፈር ወይም የሻጋታ ጣዕም ከሌለው ቀጣዩ በአተላ መሙላት ነው። ከሌላ ጀበና የተረፈውን የበረካ አተላ ከውሃ ጋር ጨምራችሁ ግማሽ ሰዓት በዝግታ አፍሉና እዚያው እስኪቀዘቅዝ ተዉት። የአተላው ደቃቅ የሸክላውን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይደገማል። በመጀመሪያው ሰሞን ሆዱ ቢያልበው አያስፈራም። ከአንድ ቦታ ብቻ ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ ግን ማላብ አይደለም፣ ስንጥቅ ነው።

በውታፍነት የተቀመጠውን የፈረስ ጭራ ጣሉና በአዲስ ተኩ። ባዶ ጀበና እሳት ላይ አይጣድም። በኤሌክትሪክ ወይም በጋዝ ምድጃ ላይ ክብ ታቹ በአንድ ነጥብ ብቻ ስለሚግል፣ ከሥሩ ወፍራም ብረት ዝርግ አስቀምጡና ከዝቅተኛው እሳት ጀምሩ። ካበቃችሁ በኋላ አተላውን እዚያው ማሳደር የሻጋታው ምንጭ ነው፤ በሙቅ ውሃ አለቅልቃችሁ፣ ሳይወተፍ፣ ማቶቱ ላይ ጋደም አድርጋችሁ አድርቁት።

የሸክላ ድስት፣ እንስራና ቅል

የቆየ ቅቤ የሚሸት የሸክላ ድስት በአንድ ሊትር ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ተጨምሮበት በዝግተኛ እሳት 20 ደቂቃ ይፈላል። ላዩ ላይ የሚንሳፈፈው ቡናማ ነገር ሸክላው የተፋው ስብ ነው። ድፉትና ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውሃ አፍሉት። ይህ የድሮውን ወዝ ስለሚያነሣ ድስቱ ማንጠባጠብ ሊጀምር ይችላል። መድኃኒቱ ቀጭን አጥሚት ነው፦ በአንድ ሊትር ውሃ ሁለት ማንኪያ የገብስ ዱቄት በጥብጣችሁ አንድ ሰዓት በዝግታ አብስሉበት፣ እዚያው ይደር፣ ጠዋት ድፉት። ዱቄቱ ቀዳዳዎቹን ይሞላል። የመጀመሪያው ወጥ ዘይት የበዛበት ቢሆን ይመረጣል።

ጠላ ሊጠመቅበት የታሰበ እንስራ በግራዋ ቅጠል ከውስጥ በደንብ ይታሻል፣ ይለቀለቃል፣ ውሃው ይንጠፈጠፋል። ከዚያ ገል ላይ ባለ ፍም የወይራ ስንጣሪ አድርጋችሁ የእንስራውን አፍ ድፉበትና ጢሱን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አፍኑት። ለብዙ ዘመን ሳይሠራበት የቆየ በማግስቱ እንደገና ይታጠን። ይህ ሥራ ደጅ ይሠራ፣ በተዘጋ ክፍል ፍም አያስተማምንም። የወተት ቅልም በወይራ ነው የሚታጠነው፣ ግን ፍሙ አነስ ይበል፤ ቅል ውስጡ ያራል። ፀሐይ ላይ ስታስቀምጡት በመዳፍ መታ መታ አድርጉት፤ ውስጡ የሚላላጥ ሽፋን ካለ እየወደቀ ወተቱ ውስጥ ስለሚገባ በጠጠርና በውሃ ተናጦ መውጣት አለበት።

ሙቀጫ፣ መክተፊያና መቁያ

ሙቀጫን በውሃ አትዘፍዝፉ፤ እንጨቱ ያብጣል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። አንድ እፍኝ ደረቅ ገብስ ከጨው ጋር ወቅጣችሁ ድፉ። ዱቄቱ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ቀጥሉ። በርበሬና ነጭ ሽንኩርት የተወቀጠበት ግን ምንም ቢጸዳ ለቡና አይሆንም፤ ለቅመም ይቆይና ለቡና ሌላ ይፈለግ። ደርቆ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣውን ለብ ባለ የኑግ ዘይት በቀጭኑ፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ ሦስት ቀን ቀቡት። ከሥሩ ደቃቅ ዱቄት የሚያራግፍ ከሆነ ነቀዝ ውስጡ አለ፤ ከሌሎች የእንጨት ዕቃዎች ለዩት። የዘነዘናው ጫፍ ከተፈለፈለ በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከል፣ ስንጥሩ ምግብ ውስጥ ይገባልና። መክተፊያውም እንደዚሁ፣ ቢላዋ የቆፈረው ቦታ እስኪጠፋ ይታሻል።

የዛገ የብረት መቁያ አይጣልም። ዝገቱን በሽቦና በጨው ፈትጉ፣ ታጥቦ ወዲያው እሳት ላይ ይድረቅ፣ ገና ሙቅ ሳለ ጥቂት የኑግ ዘይት ቀብታችሁ በጨርቅ እስኪደርቅ ድረስ ጥረጉት፤ ጢስ እስኪያወጣ አግሉትና ይቀዝቅዝ። ሦስት ጊዜ ስትደግሙት ይጠቁራል። ዘይቱ ከወፈረ የተንጠባጠበ ሙጫ ይሆናል፣ ቡናውም ይይዛል።

ወደ ማድ ቤት የማይመለሱ

ከተሰባበረ ብረት ቀልጦ በእጅ የተሠራ፣ ውስጡ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው የአሉሚኒየም ድስት የምንመክረው ለእህል መስፈሪያ እንኳ አይደለም። የቀለጠው ብረት ምን እንደነበር አይታወቅም፣ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፣ ቲማቲምና ሎሚ ደግሞ ከብረቱ እየሟሟ ወደ ወጡ እንዲገባ ያደርጋሉ። የልጅ ምግብ በፍጹም አይሠራበት። ሽፋኑ የተላላጠ የማይጣበቅ መጥበሻም፣ ውስጡ የተሸራረፈ የኢናሜል ሰሃንም ይውጣ። የወርቅ ጠርዝ ያለው የድሮ ሲኒ ለቡና ይሆናል፣ ግን ማይክሮዌቭ ውስጥ አይገባም፤ የውስጥ ሥዕሉ በጣት ሲታሽ የሚለቅ ከሆነ ለማየት ብቻ ይቀመጥ።

መሶብ

መሶብን ውሃ አያጥበውም። ክዳኑን ለይታችሁ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ በስፌቱ አቅጣጫ ጥረጉ፤ የቆየ ፍርፋሪ በየስፌቱ መሐል ይቀመጣል፣ ነፍሳትም የሚመጡት በእሱ ነው። ከዚያ አለላው ይፈተን፦ በማይታይ ቦታ ላይ ርጥብ ነጭ ጨርቅ ለአንድ ደቂቃ ጫኑበት። ቀለም ከለቀቀ ያ ክፍል ርጥበት አይንካው። ካልለቀቀ፣ እኩል ውሃና ኮምጣጤ ውስጥ ተነክሮ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ አብሱና ውስጡን ወደ ፀሐይ፣ አለላውን ወደ ጥላ አድርጋችሁ አድርቁ፤ ፀሐይ አለላ ያደበዝዛል።

ሻጋታ ካለው ደጅ አውጡ፣ አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ቦርሹት፣ አራት አምስት ቀን በየቀኑ ሁለት ሰዓት ፀሐይ ይምታው። ከዚያ በኋላም ሽታው ካልለቀቀ እንጀራ በቀጥታ አይቀመጥበት፣ ትሪ ይደረግበት። ከእንግዲህ እንዳይሻግት ደግሞ እንጀራው ሰፌድ ላይ ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ ወደ መሶብ አይግባ። ሙቅ እንጀራ ያላበው ሁሉ ስፌቱ ውስጥ ነው የሚቀረው።

ጠርዙ የተፈታ መሶብ በቤት ይጠገናል። የሚያስፈልገው ወስፌ፣ ለውስጥ ሰንደዶ፣ ለመጠቅለያ አክርማ ነው፤ ሁለቱም የስፌት ሣር ናቸው። ውጭ አገር በእጅ ሥራ መደብር የሚሸጠው ራፊያ ለአክርማ ይተካል። አክርማውን በውሃ ነክራችሁ ለስልሶ እስኪታጠፍ ጠብቁ፣ ደረቁን ከጠቀለላችሁት ይበጠሳል። ስፌቱን ከተፈታበት አትጀምሩ። ሦስት ጣት ወደ ኋላ፣ ገና ጠብቆ ካለው ቦታ ተነሡ፣ አለዚያ አዲሱ አሮጌውን ጎትቶ ይፈታዋል። አዲሱን ሰንደዶ ከአሮጌው እምብርት ጋር ጎን ለጎን አስገብታችሁ፣ በወስፌ የታችኛውን ረድፍ እየበሳችሁ፣ አክርማውን በየብሱ አሳልፋችሁ አጥብቃችሁ ሳቡ። በሁለት ብስ መሐል ከአንድ የጤፍ ቅንጣት የሰፋ ክፍተት አይኑር። ጫፉን በመጨረሻዎቹ አራት ጥቅሎች ሥር አስገብታችሁ ቁረጡ። አክርማው ሲደርቅ ይጠብባልና ክዳኑን ሳትገጥሙ አንድ ቀን ጥላ ውስጥ አሳድሩት።